ካሜራ ሦስት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

አራት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። የፋርማሲስቷ ኮት ገና ነው፤ ገበሩ እንዳለ አልቋል። ለነገ ይደር።

ለአፍታ ወደ ማድቤት ብዬ ስመለስ እማዬ የስፌት መኪናዬን ከሶኬት ነቅላዋለች። "ይረፍ፣ ጠዋት የጀመረ ነው" አለችኝ። እኔም እኮ ጠዋት ነው የጀመርኩት... እኔን ማን ነቅሎ ያሳርፈኝ? በግራ ጆሮዋ ተጠግቼ እንዳትነካው ብላት "ለምን ትጮኺብኛለሽ?" ብላ ተቀየመች። ካልጮህኩ አትሰማ፣ ከጮህኩ ታኮርፋለች። ምን ይሻላል?

ከሰዓት ወንድሜ ደወለ። የውሃ ፓምፑ ከጓሮ ከተሰረቀ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ እሱን ያሳሰበው ግን ዛሬ ነው። ሦስት ካሜራና አንድ መቅጃ ሳጥን ልኳል። የሚሰካም ሰው አነጋግሯል። ሳጥኑ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ እሱ እዚያው ሆኖ በስልኩ ያየናል። "የእማዬ ነገር ሐሳብ ሆኖብኛል" አለኝ። ሐሳብ የሆነበት ሰው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ነው መንገዱ። ከመጣ ዓመት ከአራት ወር አለፈው። ይህን ግን አላልኩትም። "እሺ ጋሼ" አልኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ መቼ ነው እሺ ጋሼ?

እማዬን ላገናኝህ ወይ ብለው፣ "አትሰማኝም እኮ፣ ምን ያደርጋል" አለ። እሱስ እውነቱን ነው። ስልክ ከተወች ቆየች። ጆሮዋ ላይ ስይዝላት "ይጮሃል እንጂ አይናገርም" ብላ ትመልስልኛለች።

ይህን ደብተር ከፊቱ ለደንበኛ ልኬት ነው የገዛሁት። ከፊት የሰው ወገብ፣ ከኋላ የኔ ንዴት። ዘንድሮ ከኋላው በኩል ነው ቶሎ የሚያልቀው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ካሜራ ሰካዩ መጣ። የተቀጠረው ለሦስት ሰዓት፣ የመጣው በሰባት። መሰላል እንኳን አልያዘም። ጫማውን ሳያወልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ወጣበት። ግድግዳውን ሲበሳ አቧራው በሙሉ የት እንዳረፈ... የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ። ለቅዳሜ የሚፈለግ ነጭ ቀሚስ። ደሜ ፈላ። "ይራገፋል እመቤቴ" አለኝ። አንተን ነበር ይዞ ማራገፍ።

አንደኛው ካሜራ የውጭ በሩ ላይ፣ ሁለተኛው ጓሮ፣ ሦስተኛው ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ። ሳሎን ለምን አስፈለገ አልኩት። "ወንድምዎ ናቸው ያዘዙት። እናቴን ማየት እፈልጋለሁ ብለው።" እንግዲህ ለዚህ ምን ይባላል?

መቅጃውን ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠው። ቴሌቪዥኑ ላይ ሦስት መስኮት ወጣ፦ በር፣ ጓሮ፣ እማዬ። "የቀረው ኔትወርኩ ብቻ ነው፤ ነገ መጥቼ አስገባዋለሁ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም" ብሎ ሄደ። እሱ ከበር ሳይወጣ እማዬ መቅጃውን በዳንቴል አለበሰችው። አቧራ እንዳይገባበት ነው አሉ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

አልመጣም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ደወልኩለት። "መንገድ ላይ ነኝ" አለ። ከጀርባው ሳህን ይንኳኳል፣ ሕፃን ያለቅሳል። የምን መንገድ ነው ሳህን የሚታጠብበት? ስልኬ ላይ ስሙን ሰርዤ "ነገ" ብዬ መዘገብኩት።

የሙሽራዋን ቀሚስ በብሩሽ ሳጸዳ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሲረከቡኝ ማንም ምንም አላየም። እኔ ግን ከክንዱ ሥር አንዲት ነጥብ እንደቀረች አውቃለሁ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ወንድሜ ዛሬ ሦስት ጊዜ ደወለ። ኔትወርኩስ? ኔትወርኩስ? ኔትወርኩስ? የላክኸው ሰውዬ ጠፋ ብለው "አንቺ አልተከታተልሽው ይሆናል" አለኝ።

ይኸው ነው እንግዲህ። ሰውየውን የመረጠው እሱ፣ የጠፋው ሰውየው፣ ጥፋቱ የኔ። ወንድሜ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነው፤ ማን አምስት ደቂቃ አረፈደ፣ ማን ቀደም ብሎ ወጣ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲመዘግብ ኖረ። ሰው ሁሉ ያረፈደ ነው የሚመስለው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ኢንተርኔት ያስገባልን ቢሮ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሰልፍ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳትነቅል "ስልክዎ ላይ ይሠራል?" አለችኝ። ይሠራል። "እንግዲያው ችግሩ ከኛ አይደለም። የመቅጃው ባለሙያ ነው የሚያየው።" ባለሙያው የለም እኮ ነው የምልሽ። "እሱን እኛ አናውቅም እማማ።"

እማማ? እኔ ነኝ እማማ? እዚያው ቆሜ ቆሽቴ አረረ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ራሴ ሠራሁት።

ጠዋት መርፌና ክሬን አስቀምጬ ማውሱን ያዝኩ። የመጣው ይምጣ አልኩ። ገመዱ ከራውተሩ ወደ መቅጃው ተሰክቷል፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን "አልተገናኘም" ነው የሚለው። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ወደ አምስት ሰዓት ላይ ራውተሩን ገልብጬ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁ። የቁጥር መዓት። መቅጃው ውስጥ ሰውየው የጻፈውን ቁጥር አውጥቼ ጎን ለጎን እዚሁ ደብተር ላይ ገለበጥኳቸው። የኛ ራውተር ሦስተኛው ቦታ ላይ አንድ ይላል። መቅጃው ላይ ዜሮ ነው። ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት።

ለካ ሰውዬው የሌላ ሰው ቤት ቁጥር ነው ሞልቶ የሄደው። የሌላ ሰው ልኬት ይዞ የኔን ጨርቅ ቆረጠ። እኔ እንዲህ ባደርግ ደንበኛ በሱሪው ነው የሚያንቀኝ።

ዜሮውን አንድ አደረግሁት። አልሆነም። ከዚያ "ቁጥሩን ራሱ እንዲቀበል" የሚለውን ምልክት አደረግሁበትና አስነሳሁት። አረንጓዴ። ተገናኝቷል! ብቻዬን ጮህኩ። እማዬ አልሰማችም።

ሰውየው የተወው ፓስወርድ ከአንድ እስከ ስድስት ነበር፤ መቁጠር የተማረ ሁሉ የሚከፍተው። ቀየርኩት።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ለወንድሜ የራሱን መግቢያ ከፈትኩለት። አፑን ጫነ፤ እዚያው ስልክ ላይ እያለን ገባ። "አየኋት፣ አየኋት፣ ደህና ናት" አለ በጥድፊያ። ወዲያው ደግሞ "የበሩ ካሜራ ወደ ግራ ዞር ቢል መንገዱም ይታይ ነበር"። ከዚያ "አየሽ፣ ቀላል ነገር ነው" አለ። ቀላል! አሥር ቀን ጨጓራዬ ተልጦ ቀላል።

ዋናው ተጠቃሚ እኔ ካልሆንኩ ብሎም ተከራከረ። ሳጥኑ ያለው እዚህ ነው፣ ሲበላሽ የማስነሳው እኔ ነኝ፣ ዋናውም እኔ ነኝ አልኩት። እንዴት ደፍሬ እንዳልኩት አላውቅም። አጉረምርሞ ተወው። "በምሳ ሰዓቴ እየገባሁ አያችኋለሁ" ብሎ ዘጋ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ደወለ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ካሜራው በየቀኑ ይጠፋል አለ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ዛሬም። ለሁለት ሰዓት ያህል ጨለማ። መብራት ጠፍቶ ነበር? አልጠፋም። ታዲያ?

እኔ ምን አውቃለሁ አልኩት።

"የምትደብቂው ነገር አለ?" አለኝ።

የምደብቀው? በዚህ ቤት የኔ ብቻ የሆነ ነገር ይህ ደብተር ነው፤ እሱም እኩሌታው የሰው ዳሌ ነው። እንባዬ መጣ፣ ዋጥ አደረግሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም... "አጣራለሁ ጋሼ" አልኩ። ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ በራሴ ተቃጠልኩ። ምን ብዬ ነው የማጣራው? ሌባ ነኝ?

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ተጣራ።

መቅጃው ኢንተርኔት ቢጠፋም መቅዳቱን አይተውም። የትናንቱን ስምንት ሰዓት መልሼ ከፈትኩ። እኔ ጓሮ ልብስ አሰጣለሁ። ሳሎን ውስጥ እማዬ ከሶፋው ተነሳች። ግድግዳውን ይዛ፣ አንድ እግሯን እየጎተተች፣ እርምጃ በእርምጃ ራውተሩ ጋ ደረሰች። መዳፏን አስቀመጠችበት፤ ሕፃን አተኩሶት እንደሆነ እንደሚነካ። ራሷን ነቀነቀች። ነቀለችው። ከዚያ ልትተኛ ሄደች። በአሥር ሰዓት ነቅታ መጥታ መልሳ ሰካችው።

ሳቅኩ፣ ሳቅኩ... ከዚያ ሳቄ ንዴት ሆነ። "የምትደብቂው ነገር አለ?" ይለኛል ደግሞ!

ለወንድሜ ነገርኩት። "አሃ" አለ። አሃ ብቻ። ይቅርታ የሚባል ቃል አፉ ላይ አይገኝም።

ለእማዬ በጩኸት ከማስረዳት ብዬ በልብስ መቁረጫው ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፍኩላት፦ ይህን ከነቀልሽው ልጅሽ አያይሽም። መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ያየኛል እንዴ?" አለች።

በጣቴ ካሜራውን አሳየኋት። በምሳ ሰዓቱ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አልኳት።

"እኔስ አየዋለሁ?"

አታይውም፤ እሱ ብቻ ነው።

አሰበችበት። "ይሁን" አለች። "እሱ ካየኝ ይበቃል።"

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ጠዋት ቀዩን ሹራብ አውጪልኝ አለች። ከሣጥን ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ ክርኑ ላይ ብል በልቶታል። የፋርማሲስቷን ኮት አስቀምጬ እሱን ጠገንኩ። ፀጉሯን አበጠርኩላት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ባለ መደገፊያውን ወንበር ከካሜራው ፊት አስጎተተችኝ። ተቀመጠች። ቀና ብላ እጇን አነሳች። "ደህና ዋልክ የኔ ልጅ" አለች። ስለ ጉልበቷ ነገረችው፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ጎረቤት ድመት። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም። አልነገርኳትም።

ግማሽ ሰዓት ሲሞላ "በል እንግዲህ፣ ሥራህን ሥራ" ብላ ተነሳች።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ዛሬም። ራውተሩን የሚነካ የለም፤ ዳንቴሉን እንኳን ከመቅጃው ላይ ራሷ አንስታለች። እንዳይታፈንባት ነው።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ሾርባዋን ጨረሰች። ስምንት ቀን ሙሉ አልተጨቃጨቅንም። ወንድሜን በሆዴ አመሰገንኩት... ይመዝገብልኝ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ምስጋናዬን መልሻለሁ።

ዛሬ ደወለ። ድምፁ የፋብሪካው ድምፅ ነው። "ባለፈው ዓርብ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ወጥተሽ የተመለስሽው አራት ሰዓት ነው። አርባ ደቂቃ እናቴን ብቻዋን ነው የተውሻት።" ቀጠለ። ሰኞ ዕለት ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። ሐሙስ ሦስት ወንድ ገብቶ ወጥቷል። ማናቸው? ወረቀት ሲገልጥ ይሰማኛል። ጽፎታል! እኔን፣ የገዛ እህቱን፣ መዝገብ ከፍቶልኛል።

ዓርብ ዕለት የደም ግፊት ክኒኗን ልገዛ ነው የሄድኩት። ሦስቱ ወንዶች ሱሪ ያሳጠሩ ናቸው፤ ከፈለገ ወገባቸውን ልላክለት፣ እዚሁ ደብተር ላይ አለ። አፌ ላይ ነበር። ግን ሌላ ነገር ወጣኝ።

"ሹራቧን እንዴት አየኸው?"

"የምን ሹራብ?"

"የእማዬን።"

"ምን ሆነ? ቀዘቀዛት እንዴ?"

ሰው እየጠራኝ ነው ብዬ ዘጋሁት። የጠራኝ አልነበረም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

መቅጃው ውስጥ ማን መቼ ገብቶ የትኛውን ካሜራ እንደከፈተ የሚመዘግብ ገጽ አለ። እስካሁን ነክቼው አላውቅም። ዛሬ እማዬ ስትተኛ ከፈትኩት።

በር። በር። በር። ጓሮ። በር። በር... ወደ ታች ብሄድ ብሄድ በር። ጠዋት ሥራ እንደገባ፣ በሻይ ሰዓት፣ በምሳ ሰዓት፣ ከሰዓት። እየቆጠርኩ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። እሱ ብቻ ነው እንዴ መዝጋቢ? በር አርባ አንድ ጊዜ። ጓሮ ስድስት ጊዜ።

ካሜራ ሦስት አንድ ጊዜ። ጥቅምት 13፣ መጀመሪያ የገባ ዕለት። ዐሥራ አንድ ሰከንድ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን የለም። እማዬ ከተቀመጠች ዛሬ ዐሥራ ሰባት ቀኗ ነው። ዐሥራ ሰባት ቀን ሹራብ ለብሳ፣ ተበጥራ፣ ለግድግዳ እጇን ስታነሳ...

አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ተነስቼ መቀሱን ያዝኩና ምን እንደምቆርጥበት ሳላውቅ መልሼ አስቀመጥኩት። በምሳ ሰዓቱም እኮ ገብቷል። ገብቶ በር ነው የከፈተው። አንድ ጣት ዝቅ ቢያደርግ እናቱ ነበረች። አንድ ጣት።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ከወንበሩ ስትነሳ ጠየቀችኝ።

"ይደውልልሻል አይደል? ስለኔ ምን አለ?"

"ሹራቡ ያምርባታል አለ።" ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ውሸት በጩኸት እንዴት ያስጠላል።

ፊቷ በራ። "ድሮም ቀይ ይወዳል" አለች።

እሱን ልጠላው የሚገባኝን ያህል ራሴን ጠላሁ። የሱን ዕዳ ለምን እኔ በውሸት እሸፍናለሁ? ዕድሜ ልኬን የሱን ቀዳዳ ስጥፍ... ትናንት ቢጠይቁኝ እህትነት ነው እል ነበር። ዛሬ ሞኝነት ነው የምለው።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

አደረግሁት።

ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የትኛው ካሜራ እንደሚፈቀድ የሚመረጥበት ገጽ አለ። በወንድሜ ስም ሥር ሦስት ምልክት ነበር። የበሩን አነሳሁ። የጓሮውን አነሳሁ። ሦስተኛውን ተውኩት። ሌባ ቢመጣስ ብዬ አሰብኩ... ሳጥኑ እንደሆነ ሁሉንም መቅዳቱን አይተውም። እኔም እዚሁ ነኝ። እሱ ከዚያ ሆኖ ሌባ ሊይዝ ነው?

ሰባት ሰዓት ላይ ደወለ።

"በሩ ጠፋ።"

"አልጠፋም።"

"እኔ ጋ አይታይም። ጓሮውም የለም። ሳሎን ብቻ ነው ያለው።"

"ላንተ የተፈቀደልህ ሳሎን ነው።"

"ማን ነው የፈቀደው?"

"እኔ።"

ጤነኛ ነሽ ወይ አለኝ። ለጥበቃ ነው ያስገጠምኩት አለ። የሰው ንብረት አለ፣ የሰው ነገር አለ፣ ብዙ አለ። እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። ቃል በቃል አላስታውሰውም፤ ይህን ያህል ግን አልኩት፦ "እናቴን ማየት እፈልጋለሁ ብለህ ነው ያስገጠምከው። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቀይ ሹራብ ለብሳ እጇን ስታነሳልህ አንተ የኔን እግር ስትቆጥር ነበር። ስልክ አትሰማም ብለህ ተውካት። በዓይን መምጣት ነበር የቀረህ፣ እሱንም በር ላይ አዋልከው። አሁን ስትከፍተው እሷ ናት ያለችው። ካልፈለግክ ዝጋው።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም። እኔ ዘጋሁት።

ጋሼ አላልኩትም። ያስተዋልኩት ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አልገባም። አልደወለም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

አልገባም። እማዬ ተቀመጠች፣ ተናገረች፣ ተነሳች። የነበረችውን ቀጭን ክር እኔው በጥሼባት ይሆን? ዛሬ ንዴቴ ውስጥ ፍርሃት ገብቶበታል። ግን ምን ነበር የበጠስኩት? ምንም አልነበረም እኮ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ስድስት ሰዓት ከአሥር። ካሜራ ሦስት። አራት ደቂቃ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ካሜራ ሦስት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። አልደወለም። ይደውልልኝ ብዬም አልጠብቅም። እማዬ ዛሬ ስለ አባባ ጫማ ነበር የምትነግረው፤ አልጋ ሥር አስቀምጣለታለች፣ ይሆነው እንደሆነ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ስድስት ሰዓት ላይ የውጭ በሩ ተንኳኳ። ለእጅጌ ልኬት የተቀጠረች ሴት ነበረች፣ እሷ መስላኝ ሜትሩን አንገቴ ላይ እንዳደረግሁ ከፈትኩ። ወንድሜ። በእጁ የብርቱካን ከረጢት። ጢሙ ነጭ ወጥቶበታል። ከፊቱ ገለል አልኩለት።

ሳሎን በር ላይ ቆመ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን ከካሜራው ፊት ተቀምጣለች፤ ገና እጇን ማንሳቷ ነው። "ደህና ዋልክ የኔ ልጅ" ትለዋለች። "እማዬ" አለ ከኋላዋ። አልሰማችም። ጉልበቷ ዛሬ ትንሽ እንደተሻላት ለግድግዳው ትነግረዋለች። "እማዬ" አለ ደግሞ፣ ጮክ ብሎ። አልሰማችም።

ዞር ብሎ ሶፋውን አልፎ ሄደና ከካሜራው ሥር ቆመ። እሷ በምታይበት በኩል።

እጇ እንደተነሳ ቀረ። እሱን አየች። ቀና ብላ ካሜራውን አየች። ደግሞ እሱን።

"በየት ገባህ?" አለችው።

ከፊቷ ቁጭ አለና ራሱን ጭኗ ላይ አደረገ። እሷ ፀጉሩን እየዳበሰች "ከሳህ፣ ከሳህ" ትላለች። እኔ ማድቤት ገባሁ። ሽንኩርት አልነበረም፤ ቢኖር በሱ አሳብብ ነበር።

ከምሳ በኋላ ሳህን ሳጥብ መጣና አጠገቤ ቆመ። መጀመሪያ ቀን ካሜራውን ስከፍተው አርጅታለች፣ አለኝ። ሌላ ሴት ናት ያየሁት። ማየት አቅቶኝ ነው የዘጋሁት። ከዚያ በር መክፈት ቀለለኝ።

አሳዘነኝ? አዎ አሳዘነኝ። የበለጠ ግን አናደደኝ። "እኔስ?" አልኩት። "እኔ የምዘጋበት ቁልፍ የታለ? አጠገቧ ሆኜ ነው እያንዳንዷን ቀን ስታረጅ ያየሁት። ደግሞ በዚያ ላይ አርባ ደቂቃ ብለህ ትቆጥርብኛለህ።"

ፎጣውን አንስቶ ሳህኑን ማድረቅ ጀመረ። አንድ ሁለት ሳህን ካደረቀ በኋላ "ይቅር በይኝ" አለ። ውሃው እየወረደ ነበር፤ የሰማሁት ግን ይመስለኛል። ቧንቧውን ዘግቼ "ምን አልክ?" አልኩት። ደገመው። ደግ አደረግሁ።

ነገ ጠዋት ይመለሳል። ስለ በሩ ካሜራ አንድም ቃል አላነሳም።

መቅጃው ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ በላዩ ይቀዳል። የዛሬዋን ስድስት ሰዓት እንዳትጠፋ ቆለፍኳት።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ፋርማሲስቷ ኮቷን ወሰደች። ሁለት ሱሪ፣ አንድ ቀሚስ። መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ መንገድ ላይ ከአንዷ ጋር ወሬ ይዤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። በሩ ስር ስደርስ ቀና ብዬ ካሜራውን አየሁት።

ጠዋት የበሩንም የጓሮውንም ፈቃድ መልሼለት ነበር። ጠይቆኝ አይደለም። የትኛውን እንደሚከፍት ልየው ብዬ ነው።

አሁን መዝገቡን ከፈትኩ። ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ገባ። ካሜራ ሦስት። ሠላሳ አንድ ደቂቃ። ወጣ።

በር አልከፈተም።